ጨዋታን መጫወትና ጨዋታን መሥራት

በአምቦ፥ በጉደርና በጊንጪ ከጌም ቤት የሚወጣውን ወጣት ሁሉ ሥራ ፈት ብሎ መፍረድ የተለመደ ሆኗል። ወላጅ ይቈጣል፤ መምህር ይገሥጻል፤ ወጣቱም ሰምቶ እንዳልሰማ ተመልሶ ይገባል። እኛ ግን ጥፋቱ መጫወታችን አይደለም እንላለን። ጥፋቱ የምንጫወተው ነገር እንዴት እንደ ተሠራና ማን እንደ ሠራው አለመጠየቃችን ነው።

ለአስረጅ ያህል ዕድሜው ከእኛ የሚበልጠውን ፓክማንን እንውሰድ። ይህ ጨዋታ መጀመሪያ ለሕዝብ የቀረበው በጃፓን አገር በግንቦት 1972 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1980) ነው። ያሰበው ቶሩ ኢዋታኒ የተባለ የናምኮ ኩባንያ ሠራተኛ ሲሆን፥ ዕድሜው ገና 25 ዓመት ነበር። የፕሮግራም አጻጻፍም ሆነ የሥዕል ሞያ በትምህርት ቤት አልተማረም። በዚያን ጊዜ የነበሩት የመጫወቻ መኪናዎች አብዛኞቹ የተኩስ ጨዋታዎች ስለ ነበሩ፥ ሴቶችም ገብተው የሚደሰቱበትን ጨዋታ ለመሥራት ፈለገ፤ ስለዚህ መብላትን መሠረት አደረገ። ስሙም የተገኘው ጃፓኖች አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ «ፓኩ ፓኩ» ከማለታቸው ነው።

ጨዋታው ሲያዩት ቀላል ነው። አንድ ቢጫ አፍ በጠባብ መተላለፊያዎች እየዞረ 240 ትንንሽና 4 ትልልቅ ነጠብጣቦችን ይለቅማል፤ አራት መናፍስት ያሳድዱታል። ትልቁን ነጠብጣብ ሲበላ ለጥቂት ሴኮንድ አሳዳጁ ተሳዳጅ ይሆናል። ጀማሪ መናፍስቱ በዘፈቀደ የሚሮጡ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። ቀዩ ተጫዋቹ ወዳለበት በቀጥታ ይሮጣል። ሮዛማው ከተጫዋቹ ፊት አራት እርምጃ ቀድሞ መንገድ ለመቁረጥ ያነጣጥራል። ሰማያዊው የተጫዋቹንና የቀዩን ቦታ አመዛዝኖ መድረሻውን ይመርጣል። ብርቱካናማው በሩቅ ሲሆን ያሳድዳል፤ ከስምንት እርምጃ ወዲህ ሲቀርብ ግን ወደ ማዕዘኑ ያፈገፍጋል። በየመካከሉም አራቱ ማሳደዱን ትተው ለአጭር ጊዜ ይበተናሉ። እነዚህን ሕጎች ያወቀ ሰው አይደነግጥም፤ መንገዱን አስቀድሞ ይነድፋል። መኪናውም ቢሆን የሰው ሥራ ነውና ጉድለት አለው፤ የደረጃው ቍጥር ከ255 በላይ ሊመዘገብ ስለማይችል በ256ኛው ደረጃ ላይ የገጹ እኩሌታ ይበላሻል።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ ነውን? አይደለም። አማርኛ ተናጋሪው ገበጣ፥ ኦሮሞው ሰዴቃ የሚለው ጨዋታ ዕጣ የለበትም። የመጨረሻዋ ጠጠር የት ጕድጓድ እንደምታርፍ አስቀድሞ የቈጠረ ያሸንፋል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፥ የገበጣ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። በአዲስ አበባም ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ገበጣን በስልክ የሚጫወቱት አድርጎ አውጥቷል። እንግዲህ አይቻልም የሚለው ምክንያት አያዋጣም።

«ይህ የኮምፒዩተር ተማሪዎች ጉዳይ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይሁን እንጂ ኢዋታኒ ፓክማንን ብቻውን አልሠራውም፤ ፕሮግራሙን የጻፈው ሌላ፥ ድምፁን ያዘጋጀው ሌላ ነው። የእርሱ ድርሻ ሐሳቡና የባሕርዮቹ አፈጣጠር ነበር። ይህ ደግሞ የእኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ሞያ አይደለምን? የመናፍስቱን ሕግ በደብተር ገጽ ላይ በእርሳስ መንደፍ ይቻላል፤ መብራት መጥፋቱም አያግደንም።

ስለዚህ ለተማሪዎች ኅብረት የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከየፋኩልቲው ፈቃደኞች ይመዝገቡ። በዕረፍት ጊዜ ወደ ጊንጪም ሆነ ወደ ጉደር የሚሄድ ሁሉ ከሽማግሌዎችና ከእናቶች የሰዴቃን ሕግ ጠይቆ ይጻፍ። ከዚያ የፕሮግራም ተማሪዎች ጨዋታውን ይሥሩት፤ መመሪያውም በኦሮምኛና በአማርኛ ይሁን። እኅቶቻችንም ከመጀመሪያው ቀን አብረው ይሰለፉ፤ ዛሬ በየጌም ቤቱ ወንበር ላይ እምብዛም አይታዩምና፥ ኢዋታኒ ያሰበላቸውን ያህል እንኳ እኛ አላሰብንላቸውም።

ሌላው ባወጣው ሕግ ውስጥ ሲሯሯጡ መኖር ይብቃን። ሕግ አውጭነቱን እንማር።