ሩት በርስት ችሎት

የማቴዎስ ወንጌል ሲከፈት ብዙ ሰው «እገሌ እገሌን ወለደ» የሚለውን ሁሉ ዘልሎ በቀጥታ ቤተ ልሔም ይገባል። ሌላው ደግሞ አይዘልም፤ ያሰላል። ሦስት ጊዜ 14 ትውልድ፣ የዳዊት ስም በዕብራይስጥ ፊደል ሲቆጠርም 14፣ እያለ ምሥጢር ፈታሁ ይለናል። ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስሞቹን ግን ማን አነበባቸው?

ስም ማንበብ የሚያውቅስ የጋይንት ገበሬ ነበር። አርብ ገበያና ዙሪያው፣ እስከ ስማዳና እስቴ፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ የርስት አገር ነው። ተሟጋቹ ዳኛ ፊት ቆሞ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ስም በስም እየቆጠረ እስከ አቅኚው አባት ይወጣል። ቆጠራው ከተበጠሰ መሬቱ ሄደ። ለእንዲህ ያለ ሰው የትውልድ ሐረግ እንጀራ ነው፤ እንዴት ይሰለቸዋል? «ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለውም በዋዛ አይደለም።

የሚቆጥረው የሌለውስ? ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ፣ ቤተ እስራኤሉ፣ «የባሪያ ዘር» የተባለው? እሱማ በሰው መሬት ጢሰኛ ነው። ያ ቆጠራ አንዱን ሲያበላ ሌላውን በር ላይ ያስቀር ነበር።

እስቲ አሁን ማቴዎስን እዚያ ችሎት እናቁመው። ከባሏ አባት የወለደችውን ትዕማርን ይጠራል። የኢያሪኮዋን ራኬብን ይጠራል። ሩትን ይጠራል፤ ሞዓባዊት ናት፣ ኦሪት ዘዳግም እስከ አሥር ትውልድ ወደ ጉባኤ አይግቡ ካላቸው ወገን። አራተኛዋን በስሟ እንኳ አይጠራትም፤ ዳዊት ባሏን አስገድሎ መውሰዱ እንዳይረሳ «የኦርዮ ሚስት» ይላታል። ብልህ ተሟጋች እነዚህን ይደብቅ ነበር። ማቴዎስ መዝለል ሳያውቅ ቀርቶ ነው እንዳንል፣ ሦስት ነገሥታትን፣ አካዝያስን፣ ኢዮአስን፣ አሜስያስን፣ ዘሏል። ነገሥታቱን ትቶ ሞዓባዊቷን አስገባ! እኔ መንፈሳዊ ትርጉም የምለው ይኸንን ነው፤ ለማየት የቁጥር ቁልፍ አያሻም።

እኛስ ምን አደረግንበት? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ፣ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን አወረደው። ሰሎሞን ተጠራ፤ እናቱ፣ ያችው የኦርዮ ሚስት፣ አልተጠራችም። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተብለው የተሰደቡት ቴዎድሮስም በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የሰሎሞን ዘር መሆናቸው ተቆጠረላቸው። እኛ ዘንድ ዘውድ ሲጫን ሐረግ ይበቅላል።

መጽሐፉ ግን የነገሥታትን ዝርዝር እንዲህ አይጠቀምበትም። ዘፍጥረት 36 ስምንት የኤዶም ነገሥታት ይቆጥራል፤ አንዱም ከአባቱ ዙፋን አልወረሰም። መጽሐፈ ነገሥትም ንጉሡን በሥራው እንጂ በዘሩ አይመዝንም። አካዝ ክፉ፣ ልጁ ሕዝቅያስ ደግ፣ የልጅ ልጁ ምናሴ ደግሞ ክፉ። «ዘር ከልጓም ይስባል» የምትሉ፣ የትኛው ዘር ነው የሳበው?

መቁጠር ይቅር አላልኩም። ሰባት ቤት መቁጠር ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ጠብቋል፤ ያለ ጽሑፍም ትዝታ አኑሯል። የሚያስፈራኝ የርስቱ ችሎት ከማሳ ተነሥቶ አገሩን ሁሉ መሙላቱ ነው። ለዓመታት መታወቂያችን ላይ ብሔር ሲጻፍ ኖረ። «ዘርህ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ በመልሱ የተፈናቀለ፣ የተገደለ ስንት ነው? ጠያቂውም እኮ ብዙ ጊዜ ወንጌል የሚሳለም ሰው ነው።

ለእሱ የምለው አንድ ነው፤ ቆጠራህን መሐል ላይ አታቁም። ሉቃስ ከሰባ በላይ ስም ቆጥሮ አዳም ዘንድ ደርሷል፤ ከአዳምም አልፎ እግዚአብሔር ዘንድ። እዚያ ድረስ የቆጠረ ሰው ጢሰኛ የሚለው አያገኝም።