501 ገባ ወይ?

ባለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ እህቴ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው ተብሎ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታችን ግርግር ላይ ነበር። ቲኬቷን በቴሌግራም ተቀብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። “ሐሙስ ጠዋት ትገባለች” አልኩ። ሐሙስ በጠዋት እናቴንና አክስቴን ይዤ፣ አበባ ታቅፈን ቦሌ ተገኘን። ጠበቅን፤ የለችም። ስንደውልላት ገና አልጋዋ ላይ ናት! እኔ ያየሁት ከዋሽንግተን የምትነሣበትን ቀን ነበር። እሷ የምትገባው ዓርብ ነው። “ማርኬቲንግ የተማረች ልጅ ቲኬት ማንበብ ያቅታታል?” አለችኝ አክስቴ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ቲኬት ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። ለካ ብዙ ትናገራለች።

ፊት ያሉት ሁለት ፊደላት የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። የእኛው “ኢቲ” ነው። መለያውን የሚሰጠው ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ሲሆን፣ ከኋላ የሚከተለውን እስከ አራት አሃዝ የሚደርስ ቁጥር ግን አየር መንገዱ ራሱ ይመርጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአመዛኙ ዓለምን በመቶ በመቶ ከፋፍሏታል። በ1 የሚጀምሩት የአገር ውስጥ ናቸው፤ 500ዎቹ ወደ አሜሪካ፣ 600ዎቹ ወደ ዱባይና ወደ እስያ፣ 700ዎቹ ወደ አውሮፓ፣ 800ዎቹ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ፣ 900ዎቹ ወደ ምዕራብ አፍሪካ።

ቀጥሎ ሙሉና ጎዶሎ አለ። በኮሮና ጊዜ መኪኖች በታርጋ ተራ የወጡበትን ሥርዓት ታስታውሳላችሁ? የበረራ ቁጥርም ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ለመሄጃ፣ ሌላው ለመመለሻ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው 500 ሲሆን የሚመለሰው 501 ነው። ለንደን 700 ሄዶ በ701 ይመለሳል። ደንቡ ግን ለሁሉም አይሠራም። ወደ ጆሃንስበርግ የሚሄደው 809፣ የሚመለሰው 808 ነው።

ግራ የሚያጋባም አለ። አየር መንገዳችን በ2004 ዓ.ም. የስታር አሊያንስ አባል ሆኗል። አጋር ኩባንያዎች አንዱን አውሮፕላን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁጥር ሊሸጡት ስለሚችሉ፣ እንግዳችሁ የላከችላችሁ ቁጥርና ሰሌዳው ላይ ያለው ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ቲኬቷ ላይ በረራውን የሚያካሂደው ማን እንደሆነ ተመልከቱ።

በእኛ ሙያ ስም ብራንድ ነው እንላለን። ቁጥርም እንደዚያው ነው። ኮንኮርድ ከለንደን ኒው ዮርክ የበረረው “ቢኤ 1” ተብሎ ነበር። ኩራት ያለበት ቁጥር ነው። ሐዘን ያረፈበትም አለ። የማሌዥያ አየር መንገድ በ2006 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ከጠፋ በኋላ 370ን ከአገልግሎት አውጥቶታል። እኛም 302 ሲባል ማብራሪያ አያስፈልገንም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ናይሮቢ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቋል፤ 157 ሰዎች ነበሩበት። የዚያን ዕለትም ቁጥሩን በስልኩ ይዞ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነበር።

ስለዚህ እንግዳ ስትቀበሉ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመመለሻው ቁጥር ስንት ነው? የተጻፈው ቀን የመነሻ ነው ወይስ የመድረሻ? በረራውን የሚያካሂደው የትኛው አየር መንገድ ነው? ከአሜሪካ የሚነሣ አውሮፕላን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ የሚገባው በማግስቱ ነው። እኔ ይህን ባለማወቄ የአንድ ጠዋት የታክሲ ሒሳብ ከፍያለሁ፤ የአክስቴ ቀልድ ደግሞ እስካሁን አላለቀም።

ዓርብ ጠዋት እንደገና ቦሌ ሄድን። እናቴ ቁጥሩን በቃሏ ይዛለች፤ ያገኘችውን ሁሉ “501 ገባ ወይ?” ትላለች። ገባ። ሻንጣ ስትገፋ ብቅ ስትል ያየኋት እኔ ብሆንም ቀድማ የደረሰችባት እናቴ ናት።

ጎዶሎ ቁጥር ነው 501። የኛን ቤት ጎዶሎ የሞላው ግን እሱ ነው።