መንገዱን የሚሠራው አልጋ ነው

ከናስቢናል እስከ ሳን ሸሊ ዶብራክ 17 ኪሎ ሜትር ነው። ማልዶ የተነሣ እግረኛ ብዙም ሳይጣደፍ ከቀትር በኋላ ይገባል። ይህ የአንድ ቀን ጉዞ፣ በደቡብ ፈረንሳይ አድርጎ፣ ከለ ፑይ ከተማ ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚያመራው የተሳላሚዎች ጎዳና አካል ነው። እዚያ የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር እንዳለ ይታመናል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1998 በፈረንሳይ ያሉትን የሳንቲያጎ መንገዶች በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከ71 ሕንጻዎችና ሐውልቶች ሌላ ሰባት የእግር መንገድ ክፍሎችን ጨምሯል፤ ይህኛው ከሰባቱ አንዱ ነው። በእኔ እምነት መዝገቡ ያየው ጥንታዊነት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከመካከለኛው ዘመን ወርዶ ለዛሬ መንገደኛ የደረሰው ዱካው አይደለም፤ ማታ ማታ የሚያድርበት ቤት ነው።

ዱካውን እንይ። ከናስቢናል ሲወጡ አስፋልቱ ቶሎ ያልቅና ዛፍ የሌለበት ደጋ ይጀምራል። ግራና ቀኝ የድንጋይ ካብ ነው። በግጦሹ መካከል የሽቦ በሮች አሉ፤ እያንዳንዱን ከፍቶ አልፎ መልሶ መዝጋት የመንገደኛው ግዴታ ነው። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው፣ ዓይናቸው የተኳለ የሚመስል ዳማ ላሞች ቀና ብለው ያዩና ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ። አቅጣጫ የሚነግረው በድንጋይና በአጥር እንጨት ላይ የተቀባ ነጭና ቀይ ምልክት ነው።

ያ ቀለም የ1970ዎቹ ሥራ ነው። የፈረንሳይ የእግር ተጓዦች ማኅበር ሰዎች ዤ ኤር 65 ብለው መስመሩን ሲቀይሱ፣ መኪና የማይበዛበትን ጸጥ ያለ መንገድ መርጠው ነው። ጥንት ሰው የሚበዛበት ዋና ጎዳና ግን ጠቃሚ ስለነበረ ብዙ ቦታ ላይ ኋላ አስፋልት ለብሷል፤ ከመኪና የሸሸ እግረኛ ከጥንቱ ጎዳናም ሸሽቷል ማለት ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን የተጻፈው የተሳላሚዎች መመሪያ ስለዚህ መስመር ሲናገር ለ ፑይን፣ ኮንክንና ሟሳክን ይጠራል እንጂ በመካከላቸው በየት በኩል እንደሚታለፍ አይዘረዝርም። እንደ ዴኒዝ ፔሪካር ሜአ ያሉ የታሪክ ምሁራንም ተሳላሚው ለብቻው የተከለለ መንገድ አልነበረውም፣ ነጋዴውም ወታደሩም በሚሄድበት ይሄድ ነበር ይላሉ። ያው መመሪያ ግን የዓለም ምሰሶዎች ብሎ ሦስት የእንግዳ ማረፊያዎችን ለይቶ ያወድሳል፤ አንዱ በኢየሩሳሌም፣ ሁለቱ በአልፕስና በፒሬኔ ተራሮች መተላለፊያ ላይ ናቸው።

የለ ፑይ ጳጳስ ጎደስካልክ በ950 እና በ951 መካከል ወደ ሳንቲያጎ ሄዷል። ይህን የምናውቀው ያረፈበት የስፔን ገዳም፣ አልቤልዳ፣ ውስጥ የነበረ ጎሜሳኖ የተባለ መነኩሴ ስለጻፈው ነው። መነኩሴው ለእንግዳው የቶሌዶው ጳጳስ ኢልደፎንሶ ስለ ድንግል ማርያም የደረሰውን መጽሐፍ ገልብጦለታል። (ኢልደፎንሶ ለኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ተአምረ ማርያም ላይ ደቅስዮስ የምንለው እርሱ ነው።) ጳጳሱ የረገጠው መንገድ ጠፍቶ ያደረበት ቤት ጽሑፍ ቀርቷል።

በቀኑ ጉዞ አጋማሽ ላይ የምትገኘው ኦብራክ ደግሞ መንደር የሆነችው በማረፊያዋ ነው። ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ክረምት በረዶው፣ በሌላው ጊዜ ጉሙ ሰው ያስታል፣ ሽፍታም ነበረ። በ1120 አካባቢ አዳላር የተባለ የፍላንደርስ ባላባት እዚህ የእንግዳ ማደሪያ አቋቋመ፤ ወደ ሳንቲያጎ ሲሄድ ሽፍቶች አደጋ ጥለውበት ስለተረፈ የተሳለውን መፈጸሙ ነው ይባላል። መነኮሳት እንግዳውን ያስተናግዱ፣ ፈረሰኞች መንገደኛውን ያጅቡ፣ ጉም ሲወርድ ደግሞ የጠፋ ሰው ድምፁን ተከትሎ እንዲመጣ ደወል ይደወል ነበር። የደወል ድምፅ ጥርጊያ አያስፈልገውም፤ ሰው የሚሄደው ወደ ማደሪያው እንጂ በተሰመረ መስመር ላይ አልነበረም።

የፈረንሳይ አብዮት ማደሪያውን ዘጋው። የአካባቢው ሰው በድህነት ወደ ፓሪስ እየፈለሰ ከሰልና ወይን ጠጅ ቸረቸረ፣ ኋላም ካፌ ከፈተ። በ1920 ታዋቂውን የፓሪስ ምግብ ቤት ብራስሪ ሊፕን የገዛው ማርሴለን ካዝ ከዚሁ አምባ፣ ከላዮል የሄደ ነው። በአገሩ እንግዳ ሲጠፋ እንግዳ መቀበሉን ከተማ ወስዶ ኖረበት ማለት ይቻላል።

እግረኛ ሲመለስ ማደሪያውም ተመለሰ። በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የኦብራክ የእንግሊዞች ግንብ ዛሬ የእግረኞች ማደሪያ ነው። በየማደሪያው ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል፣ እራት በጋራ ገበታ ይቀርባል። የተፈጨ ድንች ከለጋ አይብ ጋር እየተማሰለ የሚሠራው አሊጎ ሲወጣ፣ አስተናጋጁ ማማሰያውን ከድስቱ አንድ ክንድ ያህል ያነሣዋል፤ አይበጠስም። መነኮሳቱ ለተሳላሚ ይሰጡት የነበረ ምግብ ነው ይባላል። ድንች ግን አውሮፓ የገባው ኮሎምበስ አሜሪካን ካየ በኋላ ነው፤ እነርሱ ሰጡት የሚባለውም ዳቦና አይብ ነው። ይህ ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ተለውጧል፣ ለመንገደኛ ድስት መጣዱ ግን ቀጥሏል። ተጓዦች ይዘውት የሚዞሩት ሚያም ሚያም ዶዶ የተባለው መመሪያም ዋና ጉዳዩ የት እንደሚታደርና የት እንደሚበላ ነው፤ የቀኑ ርቀት የሚቆረጠውም በዚያ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ እሱን መሸፈን አይገባም። የጥንቱ ማደሪያ የቆመው በስእለትና በምጽዋት ነበር፤ የአሁኑ ባብዛኛው በክፍያና በቀጠሮ ነው። ግንቦት ላይ ሰው ሲበዛ ቀድሞ ያልደወለ ሰው ኦብራክ ላይ ሞልቷል ሊባል ይችላል። ያኔ ቦርሳውን መልሶ ይሸከምና ፈርሶ በቀረው ግንብ ሥር ባለችው ቤልቬዜ በኩል፣ ወደ 500 ሜትር እየወረደ፣ ሳን ሸሊ ላይ አልጋ ይኖር እንደሆነ በመንገዱ ላይ እየደወለ ይጠይቃል።