ሳይንስ ለቤተሰብ፦ የሮቤ ቂብላና የመርፌዋ ምስጢር

ስልክ የያዘ አንድ ወጣት መስጊድ ገብቶ «ሚሕራቡ ተጣሟል፤ ስልኬ የሚያሳየው ሌላ አቅጣጫ ነው» ቢል ምን ይከተላል? ሽማግሌዎቹ «አባቶቻችን የሰገዱበትን ማን ነው የሚያጣምመው?» ይላሉ። ወጣቱ «ሳይንስ ነው» ብሎ ድርቅ ይላል። ጀመዓው ለሁለት ይከፈላል፤ ኩርፊያው ከመስጊዱ ወጥቶ ቤት ድረስ ይገባል። እኛ ለአንዱ ወገን ከመፍረዳችን በፊት ያቺ አቅጣጫ ጠቋሚ መርፌ በምን እንደምትሠራ፣ መቼስ እንደምታሳስት ማወቅ ይገባናል ብለን እናምናለን። ለዚህ ደግሞ ከባሌ ደጋ፣ ከሮቤና ከጎባ የተሻለ ቦታ አላገኘንም።

ምክንያቱም ቀላል ነው። ሮቤ የምትገኘው በ40 ዲግሪ ምሥራቃዊ ኬንትሮስ ገደማ ነው። መካ ደግሞ 40 ዲግሪ ልትሞላ ጥቂት ብቻ ነው የሚቀራት። ስለዚህ ከሮቤ ወደ ካዕባ የሚወስደው መስመር በቀጥታ ወደ ሰሜን ይሄዳል ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ርቀቱ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ የሚሰግድ ሰው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 12 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት፤ የሐረሩ ደግሞ ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ ያህል። የሮቤና የጎባ ሰው ግን ሰሜንን ካወቀ ቂብላውን አወቀ። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፦ መርፌዋ ሰሜንን በትክክል ታሳየናለች ወይ?

መርፌን ለቂብላ መጠቀም የዛሬ ነገር አይደለም። ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን የነገሠው የራሱሊዶቹ ሱልጣን አል-አሽረፍ ዑመር፣ እ.ኤ.አ. በ1290 አካባቢ በማግኔት መርፌ ቂብላን እንዴት ማግኘት እንደሚቻል ጽፏል። እርሱም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ለስድስት መቶ ዓመታት ያላወቁት፣ መርፌዋን የሚያዞራት ነገር ከውስጧ ምን እንደሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1922 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ሽተርንና ገርላህ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የብር አተሞችን ጅረት በማግኔት መካከል አሳለፉ። ጅረቱ ተበትኖ ይሰፋል ተብሎ ሲጠበቅ ለሁለት ብቻ ተሰነጠቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሆላንድ ላይደን ኡለንቤክና ጎውድስሚት የተባሉ ወጣቶች ይህንን የመሰለውን ነገር የሚፈታ ሐሳብ አቀረቡ፦ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በራሱ ትንሽ ማግኔት ነው፤ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይጠቁማል፣ መካከለኛ የለውም። ይህን ጠባዩን ስፒን አሉት። ቃሉ መሽከርከር ማለት ቢሆንም ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት ይሽከረከራል ማለት አይደለም። ስሙ ቀረ እንጂ ሥዕሉ ተትቷል።

በአብዛኛው ነገር ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ናቸው። አንዱ ወደ ላይ፣ ጓደኛው ወደ ታች ስለሆነ የአንዱን ጉልበት ሌላው ያጠፋዋል። እንጨትና ነሐስ ማግኔት የማይስባቸው ለዚህ ነው። በብረት አተም ውስጥ ግን ጓደኛ የሌላቸው አራት ኤሌክትሮኖች አሉ። ጎረቤት የሆኑ የብረት አተሞችም ስፒናቸውን እንደ ሰጋጅ ረድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋሉ። ይህን ሰልፍ የሚያስይዛቸው ኃይል የኳንተም ሕግ መሆኑን ሃይዘንበርግ ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1928 ነበር። (በቁርኣን 57ኛው ሱራ «አል-ሐዲድ»፣ ብረት፣ ይባላል። ይሁንና የኳንተምን ቀመር ከአንቀጾች መካከል ፈልቅቀን ካላወጣን የሚለውን ልማድ እኛ አንወደውም። የአላህ ሥራ በሰልፉ ላይ ራሱ ይታያልና።)

ነገሩ ይበልጥ የሚደንቀው መጠኑ ሲያንስ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ለአንድ ሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ናኖ ሜትር ይባላል። ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር የብረት ማዕድን ከ30 እስከ 80 ናኖ ሜትር ገደማ በሆነ ቅንጣት ሲሆን ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ አንድ ሰልፍ ይሆናሉ፤ የያዙትንም አቅጣጫ ለሚሊዮን ዓመታት አይለቁም። ከዚያ ሲያንስ ደግሞ የአካባቢው ሙቀት ብቻ ሰልፉን ያገላብጠዋል። ያው ማዕድን ነው፤ መጠኑ ብቻ ጠባዩን ለወጠው።

አሁን ከጎባ ተነሥተን ወደ ሳነቴ አምባ እንውጣ። በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን ጨምሮ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ቅላጩ ሲበርድ፣ ሙቀቱ ከ580 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በውስጡ ያሉት የማግኔታይት ቅንጣቶች የዚያን ጊዜውን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። መብረቅ የመታው ድንጋይ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ማግኔት ይሆናል። ኮምፓስን እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ ያስቀመጠ ሰው የሚያነበው የድንጋዩን ሰሜን እንጂ የምድርን አይደለም።

ስልክም ከዚህ አያመልጥም። በውስጡ ያለው ማግኔት መለኪያ ከጤፍ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ነው። በባሌ የምድር ማግኔት 35 ማይክሮቴስላ ገደማ ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣ በር ላይ የምንለጥፋት ትንሽ ማግኔት ከመቶ ጊዜ በላይ ትበልጠዋለች። ስለዚህ በማግኔት የሚዘጋ የስልክ ሽፋን፣ ድምፅ ማጉያ፣ በአርማታው ውስጥ ያለ ፌሮ፣ የብረት ምሰሶ፣ ሁሉም ሊያሳስቱት ይችላሉ። ወጣቱ ስልኩን ይዞ የቆመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ብረት መካከል፣ መስጊዱ ውስጥ ነው!

ወፎች ከእኛ ይሻላሉ ብንል ማጋነን አይሆንም። በየዓመቱ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሚሸሹ ዳክዬዎችና ሌሎች ወፎች ወደ ባሌ ተራሮች ይመጣሉ፤ በበልግም ይመለሳሉ። ብዙ ስደተኛ ወፎች የምድርን ማግኔት እንደሚያውቁ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሙከራ ታይቷል። እንዴት? በዓይናቸው ውስጥ ክሪፕቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። ብርሃን ሲያርፍበት አንድ ኤሌክትሮን ይዘልና ሁለት የተነጣጠሉ ጓደኞች ይቀራሉ። የእነዚህ ሁለት ስፒኖች አኳኋን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ይለዋወጣል፤ ደካማው የምድር ማግኔትም ይህንን ልውውጥ ጥቂት ያዘነብለዋል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ክላውስ ሹልተን ነው። በ2021 የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ከአንዲት የአውሮፓ ወፍ የተገኘው ይኸው ፕሮቲን ከወፏ ውጭ፣ በብልቃጥ ውስጥ፣ ማግኔት እንደሚሰማው አሳይተዋል። በሕያው ወፍ ዓይን ውስጥ ይህ መሆኑ ግን ገና አልተረጋገጠም። ሱብሐነላህ!

ወደ ክርክራችን እንመለስ። ከካዕባ ርቆ ላለ ሰው አቅጣጫዋን መያዝ ይበቃዋል የሚሉት ዑለማዎች ብዙ ናቸው፤ ዝርዝሩን ለእነርሱ እንተዋለን። መለካት ለሚፈልጉ ግን መርፌም ስልክም የማያስፈልገው መንገድ አለ። በየዓመቱ ግንቦት 20 ቀን ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ፣ ሐምሌ 8 ቀን ደግሞ 6 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትሆናለች። የመካ ሰዓትና የእኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ ማስላት አያስፈልግም። በሮቤ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ትከሉ። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ትጥላለች። ከጥላው ጫፍ ወደ ዘንጉ ሥር የሚሄደው መስመር ቂብላ ነው። ቀኑ አንድ ቀን ቢያልፍ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ደመና ቢከለክል በማግሥቱ ሞክሩት። የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንጉን ይዘው፣ የመስጊዱ ሽማግሌዎች ደግሞ ሰዓቱን ይዘው አብረው ቢቆሙ ደስ ይለናል።