ቴርሞስታቱን አትጣሉት

«ድሬ ሞቃት ናት፤ ለአሮጌ ሚኒባስ ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? አውጥቶ መጣል ነው» የሚለው ታትሞ የወጣ ምክር ሞተር ያስበላል። ቴርሞስታት የሚጠብቀው የሞተሩን ሙቀት እንጂ የድሬዳዋን አየር አይደለም። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ እኮ የቴርሞስታቱ የታችኛዋ ክዳን፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን መንገድ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች ትኩሱ ውሃ በከፊል ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ይገባል፤ ያለ ቴርሞስታት የደንገጎን ዳገት መውጣት ሞተሩን ለመፍላት መዳረግ ነው። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፤ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደርም ይጎዳል።

ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ቴርሞስታት ስትገዙ የተመታበትን ቁጥር፣ ማለትም መከፈት የሚጀምርበትን ዲግሪ፣ እዩ፤ 82 ነው ወይስ 88? የሞተሩ መመሪያ ያዘዘውን ውሰዱ። ዝቅ ያለ ቁጥር የተደፈነ ራዲያተር አያጸዳም። ከመግጠማችሁ በፊት በሚሞቅ ውሃ ውስጥ በቴርሞሜትር ፈትኑት፤ ቁጥሩ አካባቢ ሲደርስ መከፈት ካልጀመረ ለሻጩ መልሱለት።