ያንኑ ቃል ሁልጊዜ የሚናገር ምልክት

የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ ምልክትን እንደ ጽሑፍ አንብባችሁት ታውቃላችሁ? በአሜሪካ ገጠር ሁለት ነጫጭ ሰሌዳዎች ተመሳቅለው ይቆማሉ፤ በላያቸውም «የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ» የሚል ተጽፎባቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ባቡር መጣም አልመጣም የሚናገሩት ያንኑ ነው።

ምልክቱ አይታይም ባይ አይደለሁም። ይታያል። ነገር ግን ሐዲድ መኖሩን እንጂ ባቡር መምጣቱን አይነግርም። በዚያ መንገድ መቶ ጊዜ ተመላልሶ መቶ ጊዜ ባዶ ሐዲድ ያየ ሾፌር ምልክቱን የሚተረጉመው በልማዱ ነው። እኛ አንባቢዎችም እንዲሁ ነን፤ በየገጹ የሚደጋገመውን ቃል ዓይናችን ይዘለዋል።

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2022 በሚዙሪ ግዛት፣ በሜንደን አቅራቢያ፣ አንድ የመንገደኞች ባቡር ሐዲዱን ሲያቋርጥ ከነበረ ገልባጭ መኪና ጋር ተጋጨ። ሦስት ተሳፋሪዎችና የመኪናው ሾፌር ሞቱ። ማቋረጫው የተመሳቀለው ሰሌዳም፣ «ቁም» የሚለው ምልክትም ነበረው። ደወል፣ መብራትና መዝጊያ ግን አልነበረውም። ሾፌሩ ለምን እንዳልቆመ የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ማወቅ አልቻለም። ያወቀው ሌላ ነገር ነው፦ የጠጠሩ መንገድ ወደ ሐዲዱ ሽቅብ ይወጣል፣ ሐዲዱንም የሚያቋርጠው በሰያፍ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪና የያዘ ሰው ዳገቱ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ባቡር መፈለግ ነበረበት። የአካባቢው ሰዎች ስጋታቸውን አስቀድመው ተናግረው ነበር። ማቋረጫው የተዘጋው ከአደጋው በኋላ ነው።

እንዲህ ባለ ቦታ «ቁም» ብሎ መጻፍ፣ ለእኔ፣ ኀላፊነትን ከመንገዱ ሠሪ ወደ ሾፌሩ ማሸጋገር ነው። ሾፌሩ በሕግ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱ ተሳፋሪዎች ግን ምልክቱን እንኳ አላዩትም። መብራትና መዝጊያ የሚሻሉት ባቡር ሲመጣ ብቻ ስለሚናገሩ ነው፤ ዝምታቸውም ትርጉም አለው። ዋጋቸው ውድ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ እንደ ሜንደን ባለ ስፍራ ግን ዳገቱን ማስተካከል ወይም ማቋረጫውን መዝጋት ይቻላል።

ከማቋረጫ ጽሑፎች ሁሉ እኔ የምወደው ብዙዎች ልብ የማይሉትን ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ ነው። የማቋረጫውን መለያ ቁጥርና የሚደወልበትን ስልክ ይዟል። መኪናችሁ ሐዲድ ላይ ቢቆምባችሁ ወርዳችሁ ራቁ፣ ከዚያ ደውሉ። በሙሉ ፍጥነት የሚጓዝ የጭነት ባቡር ለመቆም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ሊፈጅ ይችላልና፣ ባቡሩን እስክታዩት አትጠብቁ።