ለዒድ ብቻ የሚዘጋው ሱቅ



ባለፈው የዒድ ዋዜማ ለልጆቻችን ልብስ ለመግዛት መርካቶ ወርደን ነበር። ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ስንወጣና ስንወርድ ዋልን። ልብሱ ሞልቷል፤ ዋጋውም ከፍ ብሏል። አመሻሹ ላይ ፌስታላችንን አንጠልጥለን በመሳለሚያ በኩል ስንመለስ ትንሿ ልጃችን፣ «እናንተ ልጅ ሳላችሁ የዒድ ልብስ የት ነበር የምትገዙት?» ስትል ጠየቀችን። እጃችንን ዘርግተን ልናሳያት ቆም አልን። የምናሳያት ነገር ግን አልነበረም። በቦታው ላይ ሌላ ሕንፃ ቆሟል።

የዚህ ወር ጽሑፋችን ለዚያች ልጅ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው። ነገሩ ከአንድ ሱቅ ቢጀምርም የሚያበቃው ግን አንድ ዕዳ ላይ ነውና እስከ መጨረሻው አብራችሁን ዝለቁ።

ሱቁ ከእህል በረንዳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከመንገድ ዳር የነበረ ባለ ሁለት በር ቆርቆሮ ቤት ነው። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ አልነበረውም። ትልልቁ ሰው «ዐረብ ቤት» ይለዋል። እኛ ልጆች ደግሞ ባለቤቱን «ዐሚ» እንላቸው ስለነበር «የዐሚ ሱቅ» ነበር የምንለው። ቃሉ በዐረብኛ «አጎቴ» ማለት ነው። ዐሚ የመናዊ ሲሆኑ ባለቤታቸው የወሎ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውን «እትዬ» እንላቸዋለን። ልጆቻቸው ከእኛ ጋር ቁርኣን የሚቀሩ፣ ከእኛ ጋር የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ፣ አማርኛቸውም ከእኛ አማርኛ የማይለይ የሰፈር ልጆች ነበሩ።

ለዛሬው ወጣት «ዐረብ ቤት» ምን እንደነበረ መንገር ሳያስፈልግ አይቀርም። ከሐድረመውትና ከሰሜን የመን ተራሮች የተነሡ ሰዎች በዐደን ወይም በጂቡቲ በኩል እየተሻገሩ ወደ አገራችን ሲመጡ ኖረዋል። የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ጉዞው ቀለለላቸው። ከፊሎቹ በቡናና በቆዳ ንግድ ተሰማሩ። ብዙዎቹ ግን በየሰፈሩ ትንንሽ ሱቅ ከፈቱ። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር እነርሱም አብረው ወረዱ። ስኳሩን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ ላምባውንና ሳሙናውን ለድሃ ሰው አቅም ሸንሽነው ይሸጣሉ። ማልደው ይከፍታሉ፤ አምሽተው ይዘጋሉ። በዱቤም ይሰጣሉ። ብዙ የጉራጌና የስልጤ ወጣቶች በእነዚህ ሱቆች ተቀጥረው ንግድን ተምረዋል፤ ኋላም የራሳቸውን ከፍተዋል።

የዐሚ ሱቅ ታዲያ ረመዳን ሲጋመስ መልኩ ይለወጥ ነበር። ቴምር በከረጢት ይገባል። ሐልዋ በጣሳ ይደረደራል። ከጣሪያው ማገር ላይ የወንዶች ልጆች ኮፊያና ሸሚዝ፣ የሴቶች ልጆች ቀሚስና ሻሽ ይሰቀላል። ሒናው፣ ዕጣኑ፣ ቅርንፉዱና ሔሉ ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሽታ ገና ከመንገድ ማዶ ይቀበለናል። ቤተሰቡ በሙሉ ሥራ ላይ ነው። ትልቁ ልጅ ሚዛን ይይዛል። ሴቷ ልጅ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የላላ ቁልፍ ትተክላለች። ዐሚ ሒሳቡን ይጽፋሉ። እትዬ ደግሞ የልጆችን ልብስ ይለካሉ።

እትዬ ሁልጊዜ ከልካችን አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ነበር የሚሰጡን። እጅጌውንና ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው በሰፊው ይሰፉትና፣ «ለሚመጣው ዒድም ይሁናችሁ» ይላሉ። ዓመቱ ሲዞር እናታችን ያንን ስፌት ይፈቱታል፤ ልብሱም ከእኛ ጋር አብሮ ያደገ ይመስላል። አንድ ልብስ ይሸጡ የነበሩ ሴት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ እንዳንገዛ አድርገው ይሸጡልን እንደነበረ የገባን ግን ካደግን በኋላ ነው።

የበዓል ሱቅነቱ ለሙስሊሙ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ የልጆቻቸውን ልብስ የሚገዙት ከዚያው ነው። የእነርሱም ስም በዚያው የዱቤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሱቁ በዓመት ውስጥ የሚዘጋው ለሁለቱ ዒዶች ብቻ ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ዒድ በአገሪቱ ሕግ በዓል አልነበረም። ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ክፍት ነው። ሙስሊሙ ተማሪ ወይ ከትምህርት ይቀራል፣ ወይ አዲስ ልብሱን ለብሶ ክፍል ይገባል። በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ከጎናቸው ከቆሙ ክርስቲያን ወገኖቻቸው ጋር፣ ለእኩልነት ታላቅ ሰልፍ ወጡ። ከለውጡ በኋላም በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። ከዚያ በፊት ግን ለእኛ ሰፈር ዛሬ በዓል መሆኑን የሚያውጅልን የዐሚ ሱቅ መዘጋት ነበር። ሁለቱ በሮች ተዘግተው ስናይ በደስታ እንዘል ነበር።

የመጨረሻው ዒድ የ1970 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር ነው። በዚያ ዓመት ዒዱ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀናት ብቻ ዘግይቶ ስለዋለ የሁለቱም በዓል ገበያ በአንድ ሳምንት ተገናኘ። ይሁን እንጂ ጊዜው ክፉ ነበር። በምሥራቅ ከሶማሊያ ጋር ጦርነት፣ በከተማው ውስጥ ግድያና ሰዓት እላፊ ነበር። አባታችን በእህል በረንዳ በቀን ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ፤ ሥራው ቀዝቅዞባቸዋል። እኛን አራታችንን አስከትለው ወደ ሱቁ የገቡት ዕጣንና ቡና ለመግዛት ያህል ነበር።

«ሐጂ፣ ዘንድሮስ ልጆቹ ባለው ይዋሉ» አሏቸው ዐሚን።

ዐሚ ቀና ብለው እኛን አዩን። ከዚያም፣ «ልጆች ዕዳ አያውቁም፤ ዒድን ግን ያውቃሉ። ውሰድ፤ ለዐረፋ ትከፍለኛለህ» አሉ።

እትዬ እንደ ልማዳቸው ከልካችን ከፍ ያለውን አወረዱልን። ሒሳቡ 43 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። ዐሚ በመዝገባቸው ላይ በዐረብኛ ጻፉት። ማንበብና መጻፍ የማይችሉት አባታችን ግን ዕዳ ሁለት ቦታ መጻፍ አለበት የሚል አቋም ነበራቸው። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ዕዳን ስለመጻፍ የወረደ መሆኑን ከዑለማ ሰምተዋል። ስለዚህ በትምህርት ቤት ደብተራችን የመጨረሻ ገጽ ላይ እንድንጽፍላቸው አዘዙን። ጻፍነው፤ ቀኑንም ጨመርንበት።

በኅዳር ወር፣ የዐረፋ ዋዜማ ላይ፣ አባታችን ካጠራቀሙት 20 ብሩን ይዘው ሄዱ። ሱቁ ተዘግቷል። «ለዒድ ቀደም ብለው ዘግተው ይሆናል» ብለው ተመለሱ። ዒዱ አለፈ፤ ሁለቱ በሮች አልተከፈቱም። በአራተኛው ቀን ጎረቤት ወሬውን አመጣ፤ ቤተሰቡ ወደ የመን ሄዷል ተባለ። ጥቂት ቆይቶ ሱቁ ታሸገ። ከዚያም ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በእነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ የወጡት ዐሚ ብቻ አልነበሩም። የንብረት መወረሱ፣ የንግዱ ጥብቅ ቁጥጥር፣ የዐረብ መንግሥታት ለኤርትራ ግንባሮችና ለሶማሊያ ድጋፍ ሰጡ በሚል በዐረብ ነጋዴዎች ላይ ያደረው ጥርጣሬ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው በየሰፈሩ ያለውን ዐረብ ቤት አንድ በአንድ ዘጉት። ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለዱት ልጆች ደግሞ የመን ሲደርሱ «ሙወለድ» ተባሉ። እዚህ «ዐረብ» የተባሉት እዚያ «ሐበሻ» ሆነው ተገኙ። ከእኛ ጋር የጨርቅ ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች ይህ እንደደረሰባቸው ስናስብ እስከ ዛሬ ልባችን ይከፋል።

አባታችን 20 ብሩን 43 ብር ከ50 አድርሰው ለብቻው በጨርቅ ቋጠሩት። ከቀሩት የመናውያን ዘንድ እየሄዱ ጠየቁ። የተጨበጠ ነገር የነገራቸው አልነበረም። ችግር ሲጠና ቋጠሮውን ፈትተው ያወጡለታል፤ ሲያገኙ ይመልሱበታል። በ1988 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሲሄዱ ቋጠሮው ባዶ ነበር። ከመሞታቸው በፊት የነገሩን ነገር ቢኖር፣ «ያንን ደብተር እንዳትጥሉት» የሚል ነው።

የሟች ነፍስ ዕዳው እስኪከፈልለት ድረስ በዕዳው ተይዛ እንደምትቆይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። በሱረቱ ኒሳእም ውርስ የሚከፋፈለው ኑዛዜና ዕዳ ከወጣለት በኋላ መሆኑ ተደንግጓል። ስለዚህ ከቀብር መልስ በመጀመሪያ የተነሣው ጉዳይ ይኸው ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ «43 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ለአራት ልጅ ልብስ ቀርቶ ለአንዱም አይበቃ» አለ። ዑለማን ጠየቅን። የተሰጠን መልስ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1981 ዓ.ም. ኩዌት ላይ ከወሰነው ጋር የሚስማማ ነው፤ ዕዳ የሚመለሰው በተወሰደው መጠን እንጂ በዋጋ መናር እየተሰላ አይደለም። ነገር ግን ተበዳሪው ያለ ቅድመ ስምምነት፣ ከራሱ ፈቃድ፣ ጨምሮ ቢከፍል መልካም ነው። ባለ ገንዘቡን ወይም ወራሾቹን መፈለግ ግዴታ ነው። ተፈልገው ካልተገኙ በባለቤቱ ስም ይመጸወታል፤ አንድ ቀን ቢመጡና ገንዘባችንን እንሻለን ቢሉ ግን ይከፈላቸዋል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። 43 ብር ከ50ውን በዐሚ ስም ሰደቃ ሰጠን። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ፣ አራታችን አዋጥተን፣ አባቱ ልብስ መግዛት ላልቻለ ለአንድ ቤት ልጆች የዒድ ልብስ እንገዛለን። ግን ተከፈለ ብለን ደብተሩን አልዘጋነውም።

በ2007 ዓ.ም. የመን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ ብዙ የመናውያን ተሰደው ወደ አገራችን መጡ። አዲስ አበባም ተቀበለቻቸው። እኛም በዚያ ጊዜ ፍለጋውን እንደገና ጀመርን። አንድ ቀን፣ በልጅነታቸው ከዚህ የወጡ አንድ ሙወለድ አዛውንት አገኘን። አባታቸው በሌላ ሰፈር ሱቅ ነበራቸው። ስለ ዐሚ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ታሪካችንን ሰምተው ሲጨርሱ ግን፣ አባታቸው የዱቤ መዝገባቸውን ይዘው እንደወጡ፣ ሊሞቱ ሲሉም «ያለብኝን ክፈሉልኝ፤ ያለልኝን ትቻለሁ» ብለው እንደተናዘዙ ነገሩን። ቀጥለውም፣ «የእናንተም ሰው እንዲሁ ብለው ይሆናል» አሉ።

ሊያጽናኑን ነው፤ ገብቶናል። ነገር ግን በሌላ ሰው ይቅርታ የእኛ ዕዳ አይሰረዝም። የዐሚን ቃል ያልሰማን ሰዎች ይቅር ተብለናል ልንል አንችልም።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጉዳይ ያነሣነው ያለፈውን እያስታወስን ለመቆዘም አይደለም። ዱቤ ዛሬም የመርካቶ የደም ሥር ነው። በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ ላይ እሳት ሲነሣ የብዙ ነጋዴዎች ንብረት ወድሟል። እንዲህ ባለው አደጋ ከዕቃው ጋር የዱቤው መዝገብም ይቃጠላል። ያን ጊዜ ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያውቁት አላህና ተበዳሪው ብቻ ናቸው። ሱቅ ሊዘጋ፣ ሊፈርስ፣ ሊቃጠልም ይችላል። ዕዳው ግን አብሮ አይዘጋም፤ አብሮም አይቃጠልም። ነጋዴው መዝገቡ ቢጠፋበት እንኳ ሳይጠሩት መጥቶ «ያንተ ይህን ያህል አለብኝ» የሚል ደንበኛ ካለው፣ ንግዱ ገና አልሞተም።

እስቲ እናንተም ቤት ውስጥ፣ በቁም ሣጥኑ ሥር ወይም በአሮጌው ሣጥን ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ደብተር እንዳለ ፈትሹ። ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሂዱ። ከሌሉ ልጆቻቸውን ፈልጉ።

ወደ ልጃችን ጥያቄ እንመለስ። በዚያ ምሽት ከሕንፃው ፊት ቆመን ይህን ሁሉ በአጭሩ ነገርናት። ቤት ስንደርስ ቀሚሷን ለካች። አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ነበር፤ እጅጌው እጇን ዋጠው። ቅር ሲላት አይተን ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈን ሰፋንላት። «ለሚመጣው ዒድም ይሁንሽ» አልናት።

አላህ (ሱ.ወ.) ለዐሚና ለእትዬ፣ በሕይወት ካሉ ጤናና ሰላም ይስጣቸው፤ አልፈውም ከሆነ በጀነት ያሰፍርልን። የተጻፈውንም ዕዳ ያልተጻፈውንም ከፍለን የምንሞት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።